ከወጌሻነት ወደ ሙያ፦ የአንድሩ ቴይለር ስቲል ሕይወትና የኦስቲዮፓቲ ተቀባይነት

ሕመምተኛን በሕመሙ ስም ብቻ ሳይሆን በመላ ሰውነቱና በአኗኗሩ መመልከት ይገባል የሚለው ሁለንተናዊ የጤና እንክብካቤ እንደ ሐሳብ ተቃዋሚ አያጣም ቢባልም ብዙ ጠላት የለውም። ሐሳቡ ወደ ሙያነት ሊሸጋገር ሲነሣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ማን ያስተምረዋል? ተማሪውን ማን ይፈትነዋል? ሕግ ባለሙያውን ከአስመሳዩ የሚለየው በምን መስፈርት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተጠቃልለው ከታዩባቸው አጋጣሚዎች አንዱ የአሜሪካዊው ሐኪም የአንድሩ ቴይለር ስቲል ሕይወት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስቲል ኦገስት 6 ቀን 1828 በቨርጂንያ ግዛት፣ ሊ በሚባለው ወረዳ ተወለዱ። አባታቸው አብራም ስቲል የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪም ሐኪምም ነበሩ፤ በዚያ ዘመን በጠረፍ አካባቢ ነፍስንና ሥጋን አንድ ሰው ማከሙ እንግዳ ነገር አልነበረም። ቤተሰቡ በ1837 ወደ ሚዙሪ፣ ኋላም ወደ ካንሳስ ተሻገረ። በካንሳስ አብራም ስቲል በሾኒ ሕዝብ መካከል የተቋቋመ የሚስዮን ጣቢያ ያስተዳድሩ ነበር። አንድሩም ሕክምናን የተማሩት እንደ ዘመኑ ልማድ ከአባታቸው ሥር ሆነው፣ እያዩና እየረዱ ነው። ከዚህ ጊዜ ጋር የተያያዘ አንድ ጉዳይ ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። ወጣቱ ሐኪም የአጥንትን አቀማመጥ ለማጥናት የነባር ሕዝቦችን መቃብር ይቆፍሩ እንደነበር ራሳቸው በጽሑፋቸው ገልጸዋል። ኋላ ለዝናቸው መሠረት የሆነው የአናቶሚ ዕውቀት በከፊል የተገኘው ፈቃዳቸው ካልተጠየቀ ሙታን ነው፤ ይህንን ከሕይወት ታሪካቸው መነጠል አይቻልም።

በ1850ዎቹ ካንሳስ ባርነትን በሚደግፉና በሚቃወሙ ወገኖች መካከል ደም የሚፈስባት ምድር ነበረች። የስቲል ቤተሰብ ከተቃዋሚዎቹ ጎን ቆመ። አንድሩ በ1857 ለግዛቲቱ ምክር ቤት ተመረጡ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣም በሰሜኑ ወገን ተሰለፉ።

ሕይወታቸውን ለሁለት የከፈለው ግን የጦር ሜዳው ሳይሆን የቤታቸው ሐዘን ነው። በ1864 ክረምት ማጅራት ገትር በአካባቢው ገብቶ ከቤተሰቡ ሦስት ልጆችን በአጭር ጊዜ ወሰደ። የተጠሩት ሐኪሞች የቻሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ጸሎትም አልጎደለም። ስቲል ራሳቸው ሐኪም ሆነው ሳለ በልጆቻቸው አልጋ አጠገብ ባዶ እጃቸውን ቆሙ። የዚህን ሐዘን ክብደት ለመረዳት በጊዜው የነበረውን መድኃኒት ማስታወስ ያሻል፦ ካሎሜል የተባለው የሜርኩሪ ውሁድ ጥርስ እስኪያረግፍ ይሰጥ ነበር፤ ኦፒየምና አልኮል የዕለት ተዕለት ማዘዣ ነበሩ፤ ደም ማፍሰስም ገና ከልማድ አልወጣም ነበር። ማጅራት ገትርን የሚያድን መድኃኒት በዓለም ላይ አልነበረም። ስቲል ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ ግን መድኃኒቱ ገና አልተገኘም የሚል አልነበረም። መድኃኒት የተባለው መንገድ ራሱ ስሕተት ነው የሚል ነበር። የኋላ ጥንካሬያቸውም ሆነ የኋላ ድክመታቸው ከዚህ አንድ እርምጃ ይመነጫል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አሥር ዓመታት በጥናት አሳለፉ። የደረሱበትን ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ማቅረብ ይቻላል። ሰውነት ክፍሎቹ ተነጣጥለው የሚሠሩ ዕቃ ሳይሆን አንድ ነው። የአካል ቅርጽና የአካል ሥራ እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው፤ አጥንት፣ ጡንቻ ወይም መገጣጠሚያ ከሥርዓቱ ሲወጣ በደም ቅዳ፣ በደም መልስና በነርቭ መተላለፊያ ላይ ጫና ያሳድራል፤ በሽታም ይከተላል። ሰውነት ለመዳን የሚያስፈልገውን ሁሉ በውስጡ ይዟል፤ የሐኪም ተግባርም መሰናክሉን በእጁ ፈልጎ ማስወገድ ነው። ስቲል ይህ ሐሳብ የተወለደበትን ቀን ሳይቀር ጁን 22 ቀን 1874 ብለው መዝግበዋል። የሐሳብ ልደት በአንድ ቀን መወሰኑ ለታሪክ ጸሐፊ ጥርጣሬ ቢያሳድርም ተከታዮቻቸው ቀኑን እስከ ዛሬ ያስቡታል።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከቅርብ ሰዎች ነው። በካንሳስ ባልድዊን ከተማ የሚገኘው ቤከር ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የስቲል ቤተሰብ መሬት በመስጠትና በግንባታው በመሳተፍ ረድቶ ነበር። አንድሩ ስቲል አዲሱን ሐሳባቸውን በዚያ ለማቅረብ ሲጠይቁ በሩ ተዘጋባቸው። የሃይማኖት አባቶች እጅ ጭኖ መፈወስን ለክርስቶስ ብቻ የተተወ አድርገው በማየታቸው ድርጊቱን እንደ ድፍረት ቈጠሩት። የሙያ ባልደረቦቻቸውም መድኃኒት የማያዝን ሐኪም እንደ ሐኪም ለማየት ፈቃደኛ አልሆኑም። በሁለቱም ወገን የተገፉት ስቲል አገር ለቀው በ1875 በሰሜን ሚዙሪ ወደምትገኘው ከርክስቪል ገቡ።

በከርክስቪል የነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት ከሙያዊ ተቀባይነት ታሪክ አንጻር ምናልባት እጅግ አስተማሪዎቹ ናቸው። ስቲል በዚያ ዘመን ራሳቸውን ለሕዝብ ያስተዋወቁት በአዲስ ሳይንስ መሥራችነት አልነበረም። አንድ ጊዜ በማግኔት ኃይል የሚያክሙ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እጀ ፈጣን ወጌሻ ተብለው ይታወቁ ነበር። ወጌሻ የሚለው የአማርኛ ቃል እዚህ ላይ ያለ ምንም ማስተካከያ ይስማማል፦ የተወለቀን የሚመልስ፣ የተሰበረን የሚጠግን፣ ትምህርት ቤት ሳይሆን ልምድ ያስተማረው፣ ሕዝብ የሚያምነው፣ ተቋማት ግን የማያውቁት ሰው። ስቲል ሕዝቡ ቀድሞ በሚያውቀው ስም ተጠልለው ሕዝቡ የማያውቀውን ሐሳብ ይሠሩበት ነበር። ገቢያቸው ቀጭን ነበር፤ በታይፎይድ ታመው ለወራት ከሥራ ተለይተዋል፤ ከከተማ ከተማ እየዞሩም ያክሙ ነበር። በከርክስቪል ከሚነገሩት ትረካዎች አንዱ ለስቲል ጥሩ አመለካከት ስላልነበራቸው አንድ ቄስ ነው፤ መራመድ የተሳናት ልጃቸውን እናቷ ወደ ስቲል ወስዳ ልጅቱ በመዳኗ ቄሱ አመለካከታቸውን እንደለወጡ ይነገራል። ትረካው በዝርዝሩ ምንም ይሁን ምን፣ ተቀባይነት በምን መንገድ እንደመጣ ያሳያል፤ ከክርክር ሳይሆን ከጎረቤት ወሬ።

ወሬው እያደገ ሲሄድ ሕመምተኞች ከሩቅ በባቡር ይመጡ ጀመር። አንድ ሰው ግን ሁሉን ማከም አይችልም። ስቲል ልጆቻቸውን ጨምሮ ጥቂት ሰዎችን ለማስተማር ሲነሡ የወጌሻ ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ የሚተላለፍ እንጂ በክፍል የሚሰጥ አለመሆኑ ገሃድ ወጣ። መፍትሔው ከማይጠበቅ ቦታ ተገኘ። በ1892 ዊልያም ስሚዝ የሚባሉ፣ በኤደንብራ የተማሩ ስኮትላንዳዊ ሐኪም፣ የሕክምና ዕቃ ሊሸጡ ወደ ከርክስቪል መጡ። የከተማይቱ ሐኪሞች ስለ ስቲል ሲያማርሩ ሰምተው ጉዳዩን ራሳቸው ለማየት ሄዱ፤ ተነጋግረውም ተስማሙ። ስሚዝ አናቶሚ ያስተምራሉ፤ ስቲል ደግሞ የራሳቸውን ጥበብ ያስተምሯቸዋል። የአሜሪካ ኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤት በዚያው ዓመት ከሃያ በማይርቁ ተማሪዎች ተከፈተ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል ሴቶችም ነበሩ፤ ይህም ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለሴቶች በራቸውን በዘጉበት ዘመን የተለየ እርምጃ ነበር። የትምህርት ቤቱ ቻርተር የተለመደውን የሕክምና ዶክተርነት ማዕረግ ለመስጠት ያስችል እንደነበር፣ ስቲል ግን ለምሩቃኑ የተለየ የኦስቲዮፓቲ ማዕረግ እንደመረጡ ልብ ይሏል። ውሳኔው ኩራት ነበር፤ ዋጋም ነበረው። ምሩቃኑ በተለየ ስም በመጠራታቸው ለሚቀጥሉት ሰባ ዓመታት ማንነታቸውን ለሕግ ማስረዳት ግድ ሆነባቸው።

የሕጉ ትግል ወዲያው ተጀመረ። ያለ ፈቃድ በማከም የተከሰሱ ኦስቲዮፓቶች ነበሩ። በ1895 የሚዙሪ ምክር ቤት ለሙያው ዕውቅና የሚሰጥ ሕግ ቢያጸድቅም ገዥው ዊልያም ስቶን ሳይፈርሙበት መለሱት። በ1896 ቨርሞንት የመጀመሪያዋ ፈቃድ ሰጪ ግዛት ሆነች። ሚዙሪም በ1897 ተከተለች፤ ከርክስቪልም ቀኑን በደስታ አከበረች። ምክንያቱ አያጠያይቅም፤ የከተማይቱ ሆቴሎች፣ የምግብ ቤቶቿና የባቡር ጣቢያዋ ሁሉ በስቲል ሕመምተኞች ይተዳደሩ ነበር። የሙያ ፈቃድ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ሳይንሳዊ ክርክር ይተረካል፤ እዚህ ግን የዳቦ ጉዳይም ነበረበት። በኒው ዮርክ በ1901 በተደረገው የምክር ቤት ክርክር ላይ ደራሲው ማርክ ትዌይን ሳይቀሩ ቀርበው ሰው ሐኪሙን የመምረጥ መብት እንዳለው ተከራክረዋል። ኒው ዮርክ ሕጉን ያወጣችው ግን ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ስቲል በእነዚህ ዓመታት በተከታታይ ጻፉ፤ የሕይወት ታሪካቸው በ1897፣ የኦስቲዮፓቲ ፍልስፍና የተባለው መጽሐፋቸው በ1899 ታተሙ። አጻጻፋቸው በምሳሌና በስብከት የተሞላ፣ ለማስረጃ ብዙም የማይጨነቅ ነው። ትልቁ ስሕተታቸውም እዚህ ላይ ይታያል። የሜርኩሪን ጉዳት ማየታቸው ትክክል ነበር፤ መድኃኒትን በጅምላ መካዳቸው ግን ትክክል አልነበረም። የጀርም ሳይንስ ዓለምን በሚለውጥበት ዘመን የበሽታን መነሻ በዋናነት በአጥንትና በደም ዝውውር መሰናክል ውስጥ ይፈልጉ ነበር፤ የፈንጣጣ ክትባትንም አልተቀበሉም። በልጆቻቸው ሞት ቀን የተዘጋው በር አዲስ ማስረጃ ሲያንኳኳ እንኳ አልተከፈተም።

ተማሪዎቻቸው ግን ከፈቱት። በስቲል ዕድሜ ማብቂያ ላይ ቀዶ ሕክምና፣ የማዋለድ ሕክምናና የላቦራቶሪ ምርመራ በኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤቶች ይሰጡ ነበር። በሙያው ማኅበር ውስጥ ንጹሑን ጥበብ እንጠብቅ በሚሉና ሁሉንም እንማር በሚሉ መካከል መራራ ክርክር ተነሣ። በ1910 የወጣው የአብርሃም ፍሌክስነር ዘገባ በሰሜን አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ሲመረምር ኦስቲዮፓቲውንም ሳይምር ተቸ፤ ላቦራቶሪያቸው ደካማ፣ የአልጋ ላይ ትምህርታቸው አነስተኛ እንደሆነ ገለጸ። ትችቱ ቢያምም ትምህርት ቤቶቹን ያዳነው እርሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ለመኖር ሲሉ ተሻሽለዋልና። ስቲል ዲሴምበር 12 ቀን 1917 በከርክስቪል በ89 ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ወደ ዓለም ጦርነት ስትገባ ኦስቲዮፓቶች እንደ ጦር ሐኪም ለማገልገል ያቀረቡት ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። በ1920ዎቹ መጨረሻም ሙያው የመድኃኒት ትምህርትን በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አካተተ፤ መሥራቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተዋጉትን ማለት ነው።

ቀሪው ታሪክ ተቀባይነት የሚጠይቀውን ዋጋ ያሳያል። በ1962 በካሊፎርኒያ ሁለቱ የሐኪሞች ማኅበራት ሲዋሐዱ ከሁለት ሺህ በላይ የሚሆኑ ኦስቲዮፓቶች 65 ዶላር ከፍለው የተለመደውን የሕክምና ዶክተርነት ማዕረግ ወሰዱ፤ በግዛቲቱ የነበረው ኮሌጃቸውም ስሙን ለወጠ። ሙያው በመዋጥ ሊጠፋ የተቃረበበት ጊዜ ነበር። ሆኖም ብዙም ሳይቆይ፣ በ1966፣ የአሜሪካ ጦር ኦስቲዮፓቶችን በሐኪምነት መቀበል ጀመረ፤ በ1973 በሁሉም ግዛቶች ሙሉ የማከም መብት አገኙ፤ በ1974ም የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈቃድ የመስጠቱ ሥራ እንደገና እንዲጀመር ወሰነ። በአውሮፓ ሙያው ሌላ መንገድ ሄደ፤ በብሪታንያ ኦስቲዮፓቶች በ1993 በወጣ የራሳቸው ሕግ የሚተዳደሩ፣ መድኃኒት የማያዙ የእጅ ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው። ከስቲል ጋር ይበልጥ የሚቀራረቡት እነርሱ ቢሆኑም በሕክምናው ተዋረድ ውስጥ ያላቸው ሥፍራ ከአሜሪካውያኑ ያነሰ ነው።

ስለ ጥበቡ ውጤት የተደረጉ ጥናቶችም ከመሥራቹ ምኞት በታች፣ ከተቃዋሚዎቹ ንቀት በላይ ናቸው። በ1999 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት የታችኛው ጀርባ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አነጻጽሮ፣ በእጅ የታከሙትና በተለመደው መንገድ የታከሙት መሻሻላቸው ተመሳሳይ መሆኑን፣ በእጅ የታከሙት ግን አነስተኛ መድኃኒት እንደወሰዱ አሳይቷል። ለተላላፊ በሽታዎች የነበረው ተስፋ ግን በማስረጃ አልጸናም።

ዛሬ በአሜሪካ ከአራት የሕክምና ተማሪዎች አንዱ ያህል የሚማረው በኦስቲዮፓቲ ኮሌጅ ነው። ስቲል የተወለዱባት የእንጨት ጎጆ ከቨርጂንያ ተነቅላ ወደ ከርክስቪል ተወስዳ በሙዚየም ውስጥ ትታያለች። በ2001 የታተመ፣ ኦስቲዮፓቲ ሐኪሞችን የጠየቀ ጥናት ደግሞ ከመላሾቹ ከግማሽ የሚበልጡት የእጅ ሕክምናን የሚጠቀሙት ከታካሚዎቻቸው ከ5 በመቶ በታች በሚሆኑት ላይ ብቻ እንደሆነ መዝግቧል።