ሮበርት ጆንስ፤ ከቦይ ቁፋሮ እስከ ጦር ሜዳ

ሁለት ወጣት መሐንዲሶች በአንድ ቀን ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ቢመረቁ ዲግሪያቸው አንድ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን አንደኛው ድልድይ ከመሠረቱ ጀምሮ ሲሠራ የቆመበት፣ ሁለተኛው ከቢሮ ያልወጣ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በሥራ መጀመሪያው ሁለት ዓመት ሙሉ የሌሎችን ንድፍ ከመገልበጥ በቀር የኮንክሪት ሙሌት አላየም ነበር፤ የመጀመሪያውን መሠረት ሲረከብ ያደረበትን ፍርሃት እስከ ዛሬ አይረሳውም። በቀዶ ሕክምና ዘንድ ይህ የልምድ ልዩነት የሚታየው በሰው አካል ላይ ነው። ችግሩን ቀድመው ተረድተው በተግባር ከታገሉት አንዱ እንግሊዛውያን የአጥንት ሕክምና አባት አድርገው የሚቈጥሯቸው ሰር ሮበርት ጆንስ ናቸው።

ጆንስ በ1857 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በሰሜን ዌልስ፣ ሪል በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ተወለዱ። በ16 ዓመታቸው ወደ ሊቨርፑል ሄደው ከአክስታቸው ባል ከሂው ኦወን ቶማስ ቤት ተቀመጡ። ቶማስ በአንግልሲ ደሴት ከታወቀ የወጌሻ ዘር የተወለዱ፣ በትምህርትም ሐኪም የሆኑ ሰው ነበሩ። በቤታቸው አንጥረኛና ቆዳ ሠሪ አስቀምጠው የስብራት መደገፊያ በበሽተኛው ልክ ያሠሩ፣ እሑድ እሑድም ድኾችን በነጻ ያክሙ ነበር። ወጣቱ ጆንስ ንድፈ ሐሳቡን ከሕክምና ትምህርት ቤት፣ የእጅ ሥራውን ከዚህ ቤት ቀሰሙ። በ1878 የሐኪምነት ፈቃድ ሲያገኙ የአጎታቸው ረዳት ሆኑ።

በዚያ ዘመን በታላላቅ ሆስፒታሎች ስብራት እንደ ተራ ጉዳይ ስለሚቈጠር ብዙውን ጊዜ ለጀማሪ ሐኪሞች ይተው ነበር። የበሽተኛው እግር መቃናቱ ወይም መጣመሙ በዕለቱ ተረኛ በሆነው ሰው ልምድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

በ1888 ጆንስ የማንችስተር የመርከብ ቦይ ሥራ የሕክምና ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ቦዩ 58 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን በሺህ የሚቈጠሩ ቈፋሪዎች ከፈንጂ፣ ከእንፋሎት መቈፈሪያና ከባቡር ጋር የሚሠሩበት ስለ ነበር አደጋው ብዙ ነበር። ጆንስ ነገሩን እንደ መሐንዲስ አሰቡት። በመስመሩ ላይ የመጀመሪያ እርዳታ ጣቢያዎችንና ሦስት ሆስፒታሎችን አቋቋሙ፤ ቍስለኞችም በሥራው የባቡር ሐዲድ ይጓጓዙ ጀመር። ሠራተኞቹንም ስብራት እንዴት እንደሚያዝ አሠለጠኑ። ስለዚህ ቍስለኛው የሚወድቀው በአጋጣሚ በተገኘ ጀማሪ እጅ ሳይሆን ስብራትን ዕለት ተዕለት በሚያክም ሰው እጅ ሆነ። ቦዩ በ1894 ተከፈተ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ያው ጕድለት በሰፊው ተገለጠ። ከጦርነቱ በፊት የአጥንት ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሕፃናትን ጕብጥናና የእግር መጣመም የሚያክሙ ነበሩ፤ በጥይት የተሰበረ ጭን ያየ ጥቂት ነበር። ጆንስ በ1915 በሊቨርፑል ኦልደር ሄይ 250 አልጋ ያለው የወታደሮች የአጥንት ክፍል አቋቁመው ለሌሎች ማእከላት ምሳሌ አደረጉት። በ1917 ከአሜሪካ የመጡ 20 ወጣት ሐኪሞችም በእነዚህ ማእከላት ተደልድለው ሠሩ። የቶማስ የብረት መደገፊያም በግንባር ሥራ ላይ ዋለ፤ ቃሬዛ ተሸካሚዎች በጨለማ ጭምር ማሰር እስኪችሉ ተለማመዱ። በዘመኑ ዘገባ፣ በመጀመሪያ የጭን አጥንታቸው ተሰብሮ ከቈሰሉት ከመቶ 80 ያህሉ ሲሞቱ ኋላ ቍጥሩ ወደ 20 ወረደ። የኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን ቍጥር ይጠራጠራሉ፤ ሌሎች መሻሻሎችም ድርሻ ነበራቸው። የሠለጠነ እጅ ብዙ ሰው ማዳኑን ግን የሚክድ የለም።

ጆንስ በ1917 የሰርነት ማዕርግ ተሰጣቸው፤ በ1933 ዐረፉ። ዛሬ በብሪታንያ በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም እያንዳንዱን ቀዶ ሕክምና በመዝገብ ያሰፍራል፤ ያየውን፣ የረዳበትን፣ በራሱ እጅ የሠራውንም ለይቶ ይጽፋል። መዝገብ ብቻውን እጅን አያሠለጥንም፤ ልዩነቱን ግን ይገልጣል። እኛም መሐንዲሶች ጀማሪ ባልደረባችንን ስንቀበል ዲግሪውን ብቻ ሳይሆን እጁ ምን እንደ ነካ ልንጠይቅ ይገባናል። ያልነካው ካለም ወደ ሥራው ቦታ ይዞት መሄድ የአንጋፋው ዕዳ ነው።