አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከአጥቂነት እስከ አፍሪካ እግር ኳስ መሪነት

በዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ኳስ ተጫዋች ታሪክ ልንነግራችሁ መረጥን። በዕረፍት ሰዓት ቡድን ስትመርጡ በመጣችሁበት ቦታና በምትናገሩት ቋንቋ ስትለያዩ አይተናልና።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ላይ ተወለዱ። አባታቸው ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። አቶ ይድነቃቸው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንም ገና በወጣትነታቸው ገቡ። በዚያው ዓመት ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን ያዘ፤ በኋላም ነጩንና ጥቁሩን የሚለያይ ሕግ አወጣ። መለያየት ምን እንደሆነ በልጅነታቸው አዩ ማለት ነው።

ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ። ለጊዮርጊስ ከ20 ዓመት በላይ በአጥቂነት ተሰለፉ፤ በ365 ጨዋታ 318 ግብ እንዳስቆጠሩ ይነገራል።

የሚቀጥለው ታሪክ እኛ ባለንበት አገር የሆነ ነው። የካቲት 1949 ዓ.ም. የሱዳን፣ የግብፅ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። አቶ ይድነቃቸው ከኢትዮጵያ ተወካዮች አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልልክም አለች። ሦስቱ አገሮች አልተቀበሏትም፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ያለ እርሷ ተካሄደ። ተጋጣሚያችን እርሷ ስለነበረች ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ተሸንፎ መቅረት ግን አልሆነም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአሠልጣኝነታቸው የሚመራው ቡድን ያችኑ ግብፅን ለፍጻሜ ገጠመ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ፤ በጭማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው 4 ለ 2 አሸነፈ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የኢታሎ ወንድም ነበር። አባታቸው ጣሊያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት ናቸው። በሜዳው ላይ ግን ሁሉም የአንድ ቡድን ልጆች ነበሩ።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ እንድትባረር ከታገሉት ግንባር ቀደሙ ናቸው። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉም በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾች በአንድ ማሊያ ተሰልፈው በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሡ ለማየት አልታደሉም።

ልጆቻችን፣ የእኛ ሜዳ አቧራ ነው፤ ሣርም መረብም የለው። ቡድን ስትመርጡ ግን ማንም ከየትም ይምጣ፣ ኳስ መጫወት የሚወድ ሁሉ ይግባ። ለዚህ ሣርም መረብም አያስፈልግም።