የአፈወርቅ ተክሌ «የመስቀል አበባ» እና እኛ

ከሜክሲኮ አደባባይ በሳር ቤት በኩል ወደ አሮጌው አየር ማረፊያ ስንሄድ ቪላ አልፋን እናገኛለን። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ንድፉን ራሳቸው አውጥተው ያሠሩት መኖሪያና የሥዕል ቤታቸው ነው። በዚህ እትም ሕይወታቸውን በአጭሩ እናነሣለን፤ ምክንያታችን አንድ የሴት ሥዕላቸው ነው።

አፈወርቅ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ልጅነታቸው በጣልያን ወረራ አለፈ። በ15 ዓመታቸው የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። ከጦርነት የወጣችው ሀገር መሐንዲስ ትፈልግ ነበር፤ የልጁ ልብ ግን ወደ ሥዕል አደላ። ለንደን በሚገኘው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና ሥነ ሕንጻ አጠኑ። ተመልሰውም እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያ ዐውደ ርእያቸውን አሳዩ። በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለቀለም መስታወት በዓለም አሳወቃቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ።

«የመስቀል አበባ»ን የሣሉት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ርእሱ አበባ ይላል፤ የምናየው ግን ሴት ናት። ይህን እንዴት እንረዳው? አደይ አበባን ማንም አይዘራውም፣ ማንም አይኮተኩተውም። የክረምቱን ዝናብና ጭቃ ችሎ በመስከረም ሜዳውን ቢጫ ያለብሰዋል። ሁላችን እናደንቀዋለን፤ ጥቂት ሳምንት አልፎ ሲረግፍ ግን የሚያስታውሰው የለም። የብዙ እናቶቻችን ድካምም እንዲሁ ነው፤ በበዓል ቀን ይመሰገናል፣ በሌላው ቀን አይቆጠርም።

ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ «እናት ኢትዮጵያ»ን ሣሉ። በመጀመሪያው ሥዕል ሴቲቱ አበባ ነበረች፤ በዚህኛው ሀገር ሆነች። ክብሩ ትልቅ ነው፤ ደስም ይለናል። ሆኖም አበባና ሀገር ተብላ የተሞገሰችው ሴት የራሷም ስም አላት። ውኃ ስትቀዳ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ የታመመ ስታስታምም የዋለችበት ጊዜ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

አፈወርቅ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ሥዕላቸው ሴትን ከፍ አድርጎ አሳይቶናል፤ ቀሪው ሥራ የእኛ ነው። በማኅበራችን መዝገብ የእያንዳንዷ አባል ቁጠባ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከነሙሉ ስሟ የሚጻፈው ለዚህ ነው።