ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፤ በድምፅ ምክር ቤት የገቡት የመጀመሪያዪቱ ሴት

በአገራችን ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል ኖሯል። ከጎዛምንም ይምጣ ከማቻከል፥ ይህን ተረት ሳይሰማ አድጎ ደብረ ማርቆስ ለትምህርት የገባ ተማሪ የሚገኝ አይመስለኝም። ይህን ተረት በክርክር ሳይሆን በሥራቸው ከረቱት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ስለ ሆኑ፥ ታሪካቸውን ባጭሩ ለጓደኞቼ ለማቅረብ ተነሣሁ።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ/ም በአዲስ ዓለም አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በሚሲዮናውያን ዘንድ የተማሩና የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ ሰው ስለ ነበሩ፥ ሴት ልጅን ማስተማር ከንቱ ድካም መስሎ አልታያቸውም። ስለዚህ ልጃቸውን ገና በልጅነታቸው ወደ ስዊስ አገር ላኩ። በዚያ ዘመን አንዲት የጎጃም ባላገር ልጅ በዚያው ዕድሜ የምትጠብቀው መዳርን ነበር። እንግዲህ የወይዘሮ ስንዱ ዕድል ከአባታቸው ቤት የተገኘ መሆኑን መካድ አይገባም። ዕድሉ የአባታቸው ቢሆንም፥ በዕድሉ የሠሩበት ሥራ ግን የራሳቸው ነው።

ትምህርታቸውን ጨርሰው ከተመለሱ በኋላ፥ በነቀምት በትምህርት ቤት ሥራ ላይ ሳሉ የኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ። ወይዘሮ ስንዱም በወለጋ ከተደራጁት ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ለእኛ ለጎጃም ልጆች ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም፤ የጎጃምን ጦር ይዘው ሽሬ የዘመቱት የደብረ ማርቆሱ ገዥ ራስ እምሩ በመጨረሻ ከነዚሁ አርበኞች ጋር ነበሩና። ራስ እምሩ በ1929 ዓ/ም ተማርከው ወደ ኢጣልያ ሲወሰዱ፥ ወይዘሮ ስንዱም በጠላት እጅ ወድቀው አዚናራ በምትባለው የኢጣልያ ደሴት ታሠሩ።

ከነፃነት በኋላ ወደ ማስተማር ተመለሱ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትንም የመሩ የመጀመሪያዪቱ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ለተማሪዎቻቸው ቴአትር ይደርሱ ነበር፤ የልቤ መጽሐፍ የተባለውም ድርሰታቸው ከዚያው ዘመን የተገኘ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምት ነበሩ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፥ ለወንዱም ለሴቱም፥ የመምረጥ መብት ሰጠ። በ1950 ዓ/ም መጀመሪያ በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ተወዳድረው አሸነፉ፤ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት ተባሉ።

ከርሳቸው በፊት በአገራችን ሴት አልገዛችም ማለቴ አይደለም። እቴጌ ምንትዋብም እቴጌ ጣይቱም ኃያላን ነበሩ፤ ነገር ግን ኃይላቸው ከዘውድ የመጣ ነው፥ በባል ወይም በልጅ በኩል። የወይዘሮ ስንዱ ወንበር ግን የመጣው ከተቆጠረ ድምፅ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ታላቅም ልዩነት ነው።

ይሁን እንጂ ከእውነቱ በላይ አናወድስ። ያ ምክር ቤት የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረውም፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ የመጨረሻው ቃልም የዙፋኑ ነበር። በ1952 ዓ/ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው አዘዘ፤ ሴት ልጅንም በ15 ዓመቷ ለመዳር ፈቀደ። ይህ የተሻረው በ1992ቱ የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ነው፤ የክልላችንም ሕግ በኋላ ተከተለው። አንዲት ሴት ወንበር ማግኘቷ ብቻውን ለእኅቶቿ ሕግ እንደማይለውጥ ከዚህ እንረዳለን።

ወይዘሮ ስንዱ ከምክር ቤቱ በኋላ በሌላም የመንግሥት ሥራ፥ በጀርመን በሚገኘውም ኤምባሲያችን አገልግለው በ2001 ዓ/ም አረፉ። በ1950 እርሳቸው ምክትል ሆኑ፤ በተወካዮች ምክር ቤት አንዲት ሴት አፈ ጉባኤ ሆና የተቀመጠችው ግን በ2010 ዓ/ም ነው። ከምክትሉ ወንበር እስከ አፈ ጉባኤው ወንበር ስድሳ ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ይህን ያህል የዘገየው በሕግ ጉድለት ብቻ አይደለም። ድምፅ የሚሰጠው እጅ የእኛ ነውና። እኛ ራሳችን የማኅበር መሪ ስንመርጥ እኅቶቻችንን ለጸሐፊነትና ለመስተንግዶ አጭተን፥ ለሊቀ መንበርነት ስንደርስ ያንን የአባቶች ተረት የምናስታውስ ከሆነ፥ ወይዘሮ ስንዱን ማመስገናችን የአፍ ብቻ ይሆናል። ምስጋናችን እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በሚመጣው ምርጫ ነው።