ዊልፍሬድ ቴሲጀርና ካሜራው

ተማሪዎች ሆይ፣ ከኦጎልቾ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብትመለከቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጭላሎን ተራራ ታያላችሁ። ይህን የአርሲ ደጋ ከ90 ዓመት በፊት ካሜራ ይዞ የጎበኘ አንድ መንገደኛ ነበር፤ እርሱም ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይባላል።

ቴሲጀር የተወለደው ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ አባቱ ይሠራበት በነበረው በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነው። ገና በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ አገር ቢወሰድም የተወለደበትን ምድር አልረሳም። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተገኘ። በ1926 ዓ.ም. ዳግመኛ ተመልሶ በመጀመሪያ የአርሲን ተራሮች ዞረ፤ ቀጥሎም የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በአፋር በረሃ በኩል ወንዙ ከሚያልቅበት ከአቤ ሐይቅ ደረሰ።

በዚያ ጉዞ የያዘው የአባቱን አሮጌ ኮዳክ ካሜራ ነበር። ከጉዞው በኋላ ግን ላይካ የተባለውን የጀርመን ካሜራ ገዛ። ላይካ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራ፣ ለመያዝ የሚቀልና ሌንሱ እየተፈታ የሚለወጥ ስለሆነ ለመንገደኛ ይመቻል። ቴሲጀር የሚያነሣው በጥቁርና ነጭ ነበር፤ እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ውበቱን የሚያገኘው ከብርሃንና ከጥላ ነው። በኋላም በዓረብ በረሃ ሲጓዝ ካሜራውን ከአሸዋ ለመጠበቅ በፍየል ቆዳ ከረጢት ይይዘው ነበር። ይሁን እንጂ ከመሣሪያው ይልቅ ትዕግሥቱ ይበልጣል። መኪናን ትቶ በእግሩ ይሄድ፣ ከአገሬው ጋር አብሮ ይበላና ያድር ነበር። ከመልክዓ ምድሩም ይበልጥ የሰው ፊት ይስበው ነበር።

ቴሲጀር ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም. በ93 ዓመቱ ዐረፈ። ከልዩ ልዩ አገሮች የሰበሰባቸው 38,000 ያህል ኔጋቲቮች በኦክስፎርድ ከተማ በፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የአያቶቻችን ዘመን መልክ ከፊሉ የተቀመጠው በባሕር ማዶ ነው። ተራራው ባይለወጥም ደኑ ይመነጠራል፣ የቤቱ አሠራር ይለወጣል፣ ሽማግሌውም ያልፋል። እንግዳው ያየውን አንሥቶ ሄደ፤ የኮረብታውንና የምንጩን ስም የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ፎቶግራፍ በምታነሡበት ጊዜ አስቀድማችሁ የሰውየውን ፈቃድ ጠይቁ፤ ካነሣችሁም በኋላ ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፋችሁ አኑሩ። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከጊዜ በኋላ ተናጋሪ እንዳጣ ምስክር ይሆናል።