ተልኮ የተማረ፣ ተምሮ የላከ፤ የኒኮላይ ቫቪሎፍ ሕይወት

ወጣት ምሁርን ወደ ባዕድ አገር ልኮ ማስተማር ብዙ ወጪና ብዙ ተስፋ የሚጣልበት ሥራ ነው። ስለዚህ የተላከው ሰው ምን ይዞ እንደ ተመለሰ፣ የያዘውንም ለማን እንዳስተላለፈ መመርመር ተገቢ ይሆናል። በእርሻ ምርምር ረገድ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው የመስኮቡ የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎፍ ነው።

ቫቪሎፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. በሞስኮ ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታትም ሌላ ካልተባለ በቀር በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ በንግድ የከበረ ሰው ነበር። ልጁ ግን ንግዱን ትቶ በ1906 ወደ ሞስኮ የእርሻ ትምህርት ተቋም ገባ። በዚያ ዘመን በመስኮብ አገር ዝናም በቀረ ጊዜ ረኀብ ይከተል ነበርና፣ የእህልን ዘር ማሻሻል ታላቅ ጉዳይ ነበር።

በ1913 ለከፍተኛ መምህርነት እንዲዘጋጅ ወደ ውጭ አገር ተላከ። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሮላንድ ቢፈን የተባለው ሊቅ፣ ስንዴ ቢጫ ዋግን የመቋቋም ኃይሉ በታወቀ ሕግ ከዘር ወደ ዘር እንደሚተላለፍ አስቀድሞ ገልጦ ነበር። በለንደን አጠገብ በሜርተን ደግሞ ዊልያም ቤትሰን፣ መነኵሴው ሜንዴል የደረሰበትን የዘር ውርስ ሕግ ያስፋፋ ነበር። ቫቪሎፍ በሁለቱም ዘንድ ተማረ፤ ወደ ፈረንሳይና ወደ ጀርመንም ተሻገረ። በ1914 የዓለም ጦርነት ሲነሣ ጉዞው ተቋርጦ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ይዞት የተመለሰው ዋና ሀብት አንድ ጥያቄ ነበር። በሽታንና ድርቅን የመቋቋም ጠባይ በዘር የሚተላለፍ ከሆነ፣ ያ ጠባይ ያለው ዘር በየትኛው አገር፣ በየትኛው ገበሬ ማሳ ይገኛል? ቀሪ ዕድሜው ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ዋለ። በ1916 ወደ ፋርስና ወደ ፓሚር ተራሮች ሄደ። ከ1917 ጀምሮ በሳራቶፍ ከተማ አስተማረ፤ በ1920ም በዚያው ከተማ፣ የሚዛመዱ ዕፅዋት የመልካቸው ልዩነት ተመሳሳይ ሥርዓት እንደሚከተል የሚያስረዳውን ሕግ አቀረበ። በ1926 ስለ ሰብሎች መገኛ ማዕከሎች የጻፈውን ታላቅ ሥራ አሳተመ።

በ1927 መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም.፣ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በአዲስ አበባ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡትን አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪ መኰንንን አግኝቶ አነጋገረ። ከዚያም በቅሎ አስጭኖ በጎንደርና በአክሱም በኩል ወደ አስመራ ተጓዘ። በየገበያውና በየማሳው የስንዴ፣ የገብስ፣ የጤፍና የሌላውን ሰብል ዘር ሰበሰበ፤ ከሰበሰበውም ውስጥ ጢም የሌለው ጠንካራ ስንዴ ይገኝበታል። ይህችን አገር ከዓለም የሰብል መገኛዎች እንደ አንዷ ቆጠራት። በኋላ የተደረገ ምርምር ስንዴና ገብስ መጀመሪያ ከመካከለኛው ምሥራቅ እንደ መጡ አስረድቷል፤ ሆኖም ገበሬው በደጋው ላይ ያፈራው የዓይነት ብዛት የቫቪሎፍን አድናቆት ትክክለኛ ያደርገዋል።

የተላከው ተማሪ በተራው ላኪ ሆነ። በሌኒንግራድ ከሚመራው ተቋም ወጣት ተመራማሪዎች ወደ ልዩ ልዩ አገር ወጡ፤ ቡካሶፍ ወደ ሜክሲኮና ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄዶ የድንችን ዘር አጠና። ፍጅልና ጎመንን ያዳቀለው ካርፔቼንኮም የአሜሪካው የሮክፌለር ድርጅት በዚያን ጊዜ ለወጣት ሳይንቲስቶች ይሰጠው በነበረው የምርምር ድጎማ ከ1929 እስከ 1931 በአሜሪካ ሠርቶ ተመለሰ።

ነገር ግን በሩ ተዘጋ። ከ1933 በኋላ ቫቪሎፍ ከአገሩ እንዳይወጣ ተከለከለ፤ በ1939 በኤዲንብራ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የዘር ውርስ ጉባኤ ሊቀ መንበር አድርጎ ቢመርጠውም ሊገኝ አልቻለም። የሜንዴልን ሕግ የሚክደው ሊሴንኮ ፈጣን መከር ተስፋ እየሰጠ በስታሊን ዘንድ ሞገስ አግኝቶ ነበር። ቫቪሎፍ በነሐሴ 1940 ታሰረ፤ በ1941 ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እሥራት ቢለወጥለትም በጥር 1943 በ55 ዓመቱ በእሥር ቤት በረኀብ ተጐድቶ ሞተ። የሞተበትም ከተማ ያስተማረበት ሳራቶፍ ነበር። ካርፔቼንኮም በ1941 ተገደለ።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጠላት ጦር ተከብባ ነበር። በተቋሙ ከሁለት መቶ ሺህ የሚበልጥ የዘር ናሙና ነበረ። ጠባቂዎቹ ሩዝና ኦቾሎኒ በእጃቸው ሳለ ለመጪው ትውልድ ዘር ይሆናል ብለው ሳይነኩት፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ በረኀብ አለቁ። የቫቪሎፍ ስም በ1955 ከክስ ነጻ ሆነ፤ ተቋሙም በኋላ በስሙ ተጠራ። በአዲስ አበባም የአገሩን ዘር የሚጠብቅ ማዕከል በ1976 ተቋቋመ።

ይህ ሕይወት ወጣቶችን ለሚያስተምሩና ለትምህርት ለሚልኩ ሁሉ የሚተወው ትምህርት ግልጽ ነው። የውጭ አገር ምርምር ፍሬ የሚሰጠው ሄያጁ የአገሩን ችግር በልቡ ይዞ ሲወጣ፣ ሲመለስም የሚሠራበት ማሳ፣ የሚያስተምረው ደቀ መዝሙርና እውነቱን የሚናገርበት ነጻነት ሲያገኝ ነው። ቫቪሎፍ የመጨረሻውን ተነፈገ፤ ያስተማራቸው ግን ዘሩን አላስጠፉም።