ከወንዝ ዳር የተነሣ ጥያቄ

ከሑመራ እስከ አብርሃ ጅራና መተማ በሚደርሰው ቆላ፣ ሰሊጥና ማሽላ ሊያጭዱ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ካላዛር ይዟቸው መመለሳቸው የቆየ መከራ ነው። በሰቲት ሑመራ በሽታውን በቦታው ተገኝተው ቀደም ብለው ካጠኑት ሊቃውንት አንዱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ሙያቸው የጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት እንጂ ኬሚስትሪ አልነበረም። ሆኖም በኮሌጆቻችን የኬሚስትሪ ትምህርት ከተማሪው ዓይንና እጅ እንዲነሣ ለምንሻ ሁሉ ከእርሳቸው ሕይወት የተሻለ አብነት አላገኘሁም።

አክሊሉ ሐረርጌ ተወልደው በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1964 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። በዚያው ዓመት የቢልሃርዚያን ሥርጭት ሲያጠኑ ዓድዋ ከአንድ ወንዝ ዳር ደረሱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ ከበታቻቸው በሚወርደው ውኃ ውስጥ በሽታውን የሚያሸጋግሩት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይታያሉ። ወጣቱ ምሁር መልሱን ከመጽሐፍ አልፈለጉም። አንዲት አጣቢ አረፋውን ቀንድ አውጣ በሕይወት ወዳለበት ውኃ እንድትጨምረው ለመኗት፤ ብዙም ሳይቆይ እነዚያም ሞቱ። ቤተ ሙከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በ1966 እ.ኤ.አ. ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የምርምር ተቋም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መሠረቱ። በአሜሪካ በተደረገው ትንተናም ገዳዩ ንጥረ ነገር ሳፖኒን መሆኑ ታውቆ ለማቶክሲን ተባለ። የሳፖኒን ሞለኪውል አንዱ ወገኑ ውኃን፣ ሌላው ስብን ይወዳል፤ ልብሱን የሚያነጻውም፣ የቀንድ አውጣውን ሕዋስ ሽፋን የሚያፈርሰውም ይኸው ጠባይ ነው።

ይሁን እንጂ ግኝቱ ለብዙ ዓመታት ዓለም አቀፍ ተቀባይነት አላገኘም። ዶክተር አክሊሉ የዚህን ምክንያት በድኻ አገር የሚሠራ ሳይንስ አይታመንም ከሚል ንቀት የመጣ አድርገው ይመለከቱት ነበር። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጡም። ምርጡን የእንዶድ ዝርያ ለይተው ካወጡት ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ዐረፉ።

ይህ ጸሐፊ እናቱ በእንዶድ ያጠበችለትን ጋቢ ለብሶ፣ ሳፖኒን የሚለውን ቃል ከሰሌዳ ገልብጦ ፈተና አልፏል፤ ቃሉንና ጋቢውን ግን አላገናኛቸውም። ጥፋቱ የቃሉ አይደለም፤ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ መሰጠቱ ነው። እንግዲህ መምህሩ እንዶዱን ወደ ክፍል ያምጣ፤ ተማሪው ራሱ ወቅጦ፣ በጥብጦ፣ አረፋውን ለክቶ ይጠይቅ። የአብርሃ ጅራ ልጅም የሰሊጥ ዘይት ቶሎ የማይበላሸው ስለ ምን እንደሆነ ከቤቱ ጠይቆ ይምጣ። አክሊሉ ከዓድዋ ወንዝ ዳር የተማሩት በዚሁ መንገድ ነበርና።